የዎል ስትሪት እንጀራ፦ ክፍያው፣ ደረጃውና የሚዘልቁት ጥቂቶች

ኒው ዮርክ ከሚገኙት ትልልቅ ኢንቨስትመንት ባንኮች በአንዱ ሥራ የሚጀምር የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ መነሻ ደመወዙ በዓመት 110,000 ዶላር ገደማ ነው። የዓመቱ ቦነስ ሲታከልበት የመጀመሪያ ዓመት ገቢው ከ150,000 እስከ 200,000 ዶላር ይደርሳል። ዕድሜው ሃያ ሁለት ቢሆን ነው። ዋሽንግተን፣ ቶሮንቶ ወይም ለንደን ሆነው ሁለት ሥራ እየሠሩ ልጅ ያስተማሩ የሀገራችን ወላጆች ይህን ሲሰሙ መደነቃቸው አይቀርም። ከመደነቃቸው ቀጥሎ የሚያነሱት ጥያቄ ግን ቁም ነገር አለው፤ ለጀማሪ ይህን ያህል የሚከፈለው ለምንድን ነው? ልጁስ በዚያው ይዘልቃል ወይ?

ስለ ክፍያው የሚያወራ ብዙ ነው፤ ስለ መዝለቁ የሚያወራ ግን ጥቂት። እኔ ሁለቱን ለያይቶ ማየት አይቻልም እላለሁ። ባንኩ ለጀማሪው ብዙ የሚከፍለው ለጥቂት ዓመታት ጊዜውንና ጉልበቱን ጠቅልሎ ለመግዛት ነው፤ አብዛኛው እንደማይቆይ ከመነሻው ያውቃል። ከላይ የሚታየው የሚሊዮን ዶላር ክፍያ ደግሞ ሁሉም ተስፋ አድርጎት ጥቂቶች ብቻ የሚደርሱበት ሽልማት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው ምን እንደሆነ ለማየት ከሀገራችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠች። ወለዱ 6.625 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜው 10 ዓመት ነበር፤ ሽያጩን ያቀናበሩት ዶይቸ ባንክና ጄፒ ሞርጋን ነበሩ። እንዲህ ያለ ሽያጭ ከመከናወኑ በፊት የሀገሪቱ በጀት፣ ዕዳ፣ የወጪ ንግድና የውጭ ምንዛሪ ክምችት በመቶዎች በሚቆጠሩ ገጾች ተዘርዝሮ ለገዢዎች መቅረብ አለበት። የመንግሥት ባለሥልጣናትን ይዞ ለንደንና ኒው ዮርክ ከገንዘብ አስተዳዳሪዎች ጋር የሚያገናኘው አንጋፋው ባለሙያ ነው። ሠንጠረዡን እየሞላ፣ ቁጥር ከቁጥር እያመሳከረ፣ የተሳሳተ ነጥብ እየለቀመ የሚያነጋው ግን ጀማሪው ነው። ታኅሣሥ 2023 ላይ ኢትዮጵያ የዚያኑ ቦንድ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ከአበዳሪዎች ጋር በሚደረገው ድርድር ደግሞ ላዛርድ የተባለው ባንክ አማካሪዋ ሆነ። ቦንድ ሲሸጥ የሚከፈለው ባንክ አለ፤ ዕዳ ሲከብድም የሚከፈለው ባንክ አለ። ኩባንያ ሲገዛና ሲሸጥ፣ ሁለት ድርጅቶች ሲዋሐዱ፣ አክሲዮን ለሕዝብ ሲቀርብም እንዲሁ ነው። ገቢው የሚገኘው ሥራው ተፈጽሞ ሲያልቅ ነው። ፋብሪካ ወይም ዕቃ የሚጠይቅ ንግድ ስላልሆነ ከባንኩ ወጪ ትልቁን ቦታ የሚይዘው የሠራተኛ ክፍያ ነው።

ደረጃዎቹ ከባንክ ባንክ ብዙም አይለያዩም። ጀማሪው አናሊስት ይባላል፤ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይቆያል። ቀጥሎ አሶሼት አለ፤ ከአናሊስትነት ያደጉትና የኤምቢኤ ዲግሪ ይዘው የሚገቡት የሚገናኙት እዚህ ነው። ከዚያ ቫይስ ፕሬዚዳንት ይመጣል። ስሙ ትልቅ ይምሰል እንጂ በአንድ ባንክ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ቫይስ ፕሬዚዳንቶች አሉ፤ የፕሬዚዳንት ምክትል ማለት አይደለም። ከእሱ በላይ ዳይሬክተር፣ በመጨረሻም ማኔጂንግ ዳይሬክተር ነው። ሁሉም ነገር ከቀና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለመድረስ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ክፍያው በግርድፉ ሲታይ አሶሼቱ ከቦነሱ ጋር ከ250,000 እስከ 400,000 ዶላር፣ ቫይስ ፕሬዚዳንቱ ግማሽ ሚሊዮንና ከዚያ በላይ፣ ማኔጂንግ ዳይሬክተሩ ከ1 ሚሊዮን ዶላር ጀምሮ ያገኛል። በመልካም ዓመት ብዙ ደንበኛ ያመጣ ማኔጂንግ ዳይሬክተር የዚህን ብዙ እጥፍ ይወስዳል፤ በመጥፎ ዓመት ደግሞ ቦነሱ ዜሮ ሊሆን ይችላል።

ሰዎች የሚዘነጉት አንድ ለውጥ በመካከል አለ። አናሊስቱ የሚመዘነው ትክክል በመሥራቱ ነው። ማኔጂንግ ዳይሬክተሩ የሚመዘነው ደንበኛ በማምጣቱ ብቻ ነው። ሠንጠረዥ በመሥራት አቻ የሌለው ሰው የኩባንያ ሥራ አስኪያጆች ስልኩን የማያነሱለት ከሆነ ቫይስ ፕሬዚዳንት ላይ ይቆማል፤ መቆም ደግሞ በዚህ ሙያ ከመውጣት ጋር አንድ ነው። ከስደተኛ ቤት የወጡ ጎበዝ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚፈተኑት እዚህ ላይ ነው። እንቅልፍ የሌለውን ሌሊት ችለው ያልፋሉ፤ ከአባቱ ጋር ጎልፍ ሲጫወት ያደገው እኩያቸው ይዞት የሚመጣው የትውውቅ መረብ ግን በአንድ ሌሊት አይሠራም።

አሁን ወደ ቦነሱ ልምጣ፤ የጉዳዩ እምብርት እሱ ነው። ነገሩ ከእኩል እርሻ ጋር ይመሳሰላል። አራሹ ዓመቱን ሙሉ ይደክማል፣ ድርሻውን የሚያውቀው ግን እህሉ አውድማ ላይ ሲሰፈር ነው። ባንኩ በዓመቱ መጨረሻ ከገቢው ስንት እጁን ለሠራተኛ እንደሚያውል ይወስናል፤ ያ ድምር ለየክፍሉ ይደለደላል፤ ክፍሉ ደግሞ ለየሰው ያካፍላል። በግል ጥሩ መሥራት ይረዳል፣ ግን የገበያውን ድርቅ አያሸንፍም። የኒው ዮርክ ግዛት የሒሳብ ተቆጣጣሪ (ኮምፕትሮለር) ቶማስ ዲናፖሊ በየዓመቱ በሚያወጣው ግምት በ2021 የዎል ስትሪት አማካይ ቦነስ ከ240,000 ዶላር በላይ ነበር። በ2022 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ሲያንር የኩባንያዎች ሽያጭና ግዢ ቀዘቀዘ፤ ቦነሱም ሩብ ያህል ወረደ። በ2024 እንደገና 244,700 ዶላር ደረሰ፤ ጠቅላላ ድምሩም 47.5 ቢሊዮን ዶላር ሆኖ ተመዘገበ። ይህ አማካይ ከላይ ያሉት ጥቂቶች በሚወስዱት ወደ ላይ የተጎተተ ስለሆነ በመካከል ያለው ሠራተኛ የሚያገኘው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ወላጅም ሆነ ልጅ ጋዜጣ ላይ ያየውን አማካይ የራሱ አድርጎ ማሰብ የለበትም።

በአንድ ባንክ መዝገብ ላይ የታየውን እናነጻጽር። ጎልድማን ሳክስ በ2007 ከ46 ቢሊዮን ዶላር ገቢው 20 ቢሊዮን ዶላር ገደማውን ለሠራተኞች ከፈለ፤ 44 በመቶ መሆኑ ነው። ለ30,500 ሠራተኞች ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 660,000 ዶላር ይሆናል። በ2024 ገቢው ወደ 53.5 ቢሊዮን አድጎ ለሠራተኛ የዋለው ግን 16.7 ቢሊዮን፣ ማለትም 31 በመቶ ብቻ ነበር። ለ46,500 ሠራተኞች ሲካፈል 360,000 ዶላር ገደማ ነው። ንጽጽሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባንኩ ዛሬ በሶልት ሌክ ሲቲና በቤንጋሉሩ ብዙ መሐንዲሶችና የድጋፍ ሠራተኞች አሉት፤ የእነሱ ክፍያ ከኒው ዮርኩ ያነሰ ስለሆነ አማካዩን ዝቅ ያደርገዋል። የመቶኛው ማሽቆልቆል ግን በዚህ ብቻ አይገለጽም። ከ2008ቱ የገንዘብ ገበያ ቀውስ በኋላ ባንኮቹ ብዙ የራሳቸውን ካፒታል እንዲይዙ ታዘዙ፤ የ2010 የዶድ-ፍራንክ ሕግ በራስ ገንዘብ መነገድን ገደበ፤ ኮምፒውተር የነጋዴዎችን ሥራ ወሰደ፤ ባለ አክሲዮኖችም ድርሻችን ይጨመር አሉ፣ ተጨመረላቸውም። ከዋጋ ንረቱ ጋር ሲሰላ የዛሬው ኢንቨስትመንት ባንክ ለሠራተኛው የሚሰጠው ተስፋ ከ2007ቱ ያነሰ ነው። የጀማሪው ደመወዝ ከ85,000 ወደ 110,000 ማደጉ ይህን እውነት ሸፍኖታል።

ሌላም አለ። ደረጃው ከፍ ሲል ቦነሱ በሙሉ በጥሬ ገንዘብ አይሰጥም። ትልቁ ክፍል በባንኩ አክሲዮን ይሆንና በሦስት ወይም ከዚያ በላይ ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይለቀቃል። ሠራተኛው ወደ ተፎካካሪ ከሄደ የቀረው ይቃጠላል። ሌማን ብራዘርስ የተባለው ኢንቨስትመንት ባንክ መስከረም 15 ቀን 2008 ኪሳራ ሲያውጅ ዕድሜው 158 ዓመት፣ ሠራተኞቹ 25,000 ገደማ ነበሩ፤ ከአክሲዮኑም ወደ 30 በመቶ የሚጠጋው የሠራተኞቹ ነበር። ብዙዎቹ ሥራቸውንና የዓመታት ቁጠባቸውን በአንድ ቀን አጡ። የስዊዘርላንዱ ባንክ ክሬዲት ስዊስ መጋቢት 2023 ለዩቢኤስ ሲሸጥ 16 ቢሊዮን የስዊስ ፍራንክ የሚያወጣ የባንኩ ልዩ ቦንድ ዋጋ አልባ ተደረገ፤ ከዚያ ቦንድ ጋር ታስሮ የነበረ የሠራተኞች ቦነስም አብሮ ጠፋ። ስለዚህ አንድ ማኔጂንግ ዳይሬክተር «2 ሚሊዮን አገኘሁ» ሲል ግማሹ ገና እጁ አልገባም ማለት ነው። ከገባው ላይ ደግሞ የፌደራል፣ የግዛትና የኒው ዮርክ ከተማ ግብር ይነሣል።

አውሮፓ ሌላ መንገድ ሞክራለች። ከ2014 ጀምሮ ቦነስ ከደመወዝ እንዳይበልጥ፣ ባለ አክሲዮኖች ከፈቀዱ ግን እጥፍ እንዲሆን ተወሰነ። ባንኮቹ መደበኛ ደመወዙን ከፍ አድርገው ሕጉን ተሻገሩት። ብሪታንያ ገደቡን በጥቅምት 2023 አነሣች፤ በቀጣዩ ዓመት ጎልድማን ሳክስ ለንደን ላሉ ሠራተኞቹ ቦነሱ የደመወዝ 25 እጥፍ ሊደርስ እንዲችል ፈቀደ። ለንደን የሚገቡ ልጆች ከዚህ በኋላ ክፍያቸው ይበልጥ ከገበያው ጋር እንደሚዋዥቅ ማወቅ ይገባቸዋል።

የሚከፈለው ለምን ያህል ሰዓት ነው? በሳምንት 80 ሰዓት፣ በዓመት 50 ሳምንት ቢሠራ 4,000 ሰዓት ይሆናል። 110,000 ዶላር ለ4,000 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 27 ዶላር ተኩል ነው። 60,000 ዶላር ቦነስ ብንጨምርበት 42 ዶላር ተኩል ይደርሳል። በኒው ዮርክ ከተማ በ2025 ሕጉ የሚያዘው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 16.50 ዶላር ነበር። ገንዘቡ አሁንም መልካም ነው፤ ግን ከጠቅላላው ቁጥር ላይ የሚታየውን ያህል አይደለም።

በመጋቢት 2021 አሥራ ሦስት የጎልድማን ሳክስ የመጀመሪያ ዓመት አናሊስቶች ያዘጋጁት ጽሑፍ ይፋ ወጣ። በሳምንት ወደ 100 ሰዓት የሚጠጋ እንደሚሠሩ፣ በቀን 5 ሰዓት ገደማ እንደሚተኙ ተናገሩ፤ የጠየቁትም ሥራው በሳምንት ከ80 ሰዓት እንዳይበልጥ ነበር። ባንኩ የቅዳሜ ዕረፍትን አስከብራለሁ አለ። ጎልቶ የመጣው መልስ ግን በዚያው ክረምት የታየው ነው፤ ባንኮቹ አንዱ ከሌላው እየተሽቀዳደሙ ደመወዝ ጨመሩ። ልጆቹ ጊዜ ጠየቁ፣ ገንዘብ ተሰጣቸው። የዚህን ሙያ ባሕርይ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም፤ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። በነሐሴ 2013 ለንደን ውስጥ በባንክ ኦፍ አሜሪካ ሜሪል ሊንች በልምምድ ላይ የነበረ የ21 ዓመት ወጣት ሞቶ ተገኘ። የሞቱ ምክንያት የሚጥል በሽታ እንደነበር መርማሪው ወሰነ፤ ድካሙ ቀስቅሶት ሊሆን ቢችልም በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም አለ። ከዚያ በኋላ ጎልድማን ሳክስ በ2015 ተለማማጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ቢሮ እንዳይቆዩ ከለከለ። በ2024 ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የባንክ ኦፍ አሜሪካ አሶሼት ከሞተ በኋላ ውይይቱ ታደሰ፤ መስከረም ላይ ጄፒ ሞርጋን የጀማሪዎች ሥራ በአብዛኛው በሳምንት ከ80 ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰነ። በጥድፊያ ላይ ያለ ሽያጭ ሲኖር ግን ገደቡ ይላላል፤ ሥራው የሚከብደውም በዚያው ወቅት ነው።

ይህ ሁሉ እያለ በሩ ላይ ያለው ሰልፍ አላጠረም። ጎልድማን ሳክስ ለ2024 ክረምት ልምምድ ከ300,000 በላይ ማመልከቻ ተቀብሎ ከመቶ አንድ የማይሞላውን ብቻ ወሰደ። ቋሚ ሥራ የሚገኘው በአብዛኛው በልምምዱ በኩል ነው። ምልመላውም እየቀደመ ሄዶ ተማሪው ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ ይጀመራል። መንገዱን የሚያውቅ ዘመድ የሌለው ልጅ ሥራው መኖሩን በሰማበት ጊዜ በሩ ተዘግቶ ይገኛል። በ1963 የተመሠረተው ኤስኢኦ የተባለ የኒው ዮርክ ድርጅት ከ1980 ጀምሮ ከአናሳ ማኅበረሰቦች የወጡ ተማሪዎችን ለዎል ስትሪት ልምምድ ሲያዘጋጅ ቆይቷል፤ በለንደንም አቻ አለው። ለልጆቻችን ይህን ስም በጊዜ መንገር ከብዙ ምክር ይሻላል። ከአዲስ አበባ ሄዶ አሜሪካ ለሚማር ተማሪ ደግሞ ትልቁ እንቅፋት ቪዛ ነው። ከምረቃ በኋላ የሚፈቀደው የሥራ ጊዜ አንድ ዓመት ሲሆን፣ ትምህርቱ በሒሳብ፣ በኮምፒውተር ወይም በስሌት ኢኮኖሚክስ ከተመዘገበ ሁለት ዓመት ይጨመርለታል። ስለዚህ የትምህርት ዘርፉን ከመምረጡ በፊት በየትኛው ምድብ እንደተመዘገበ ይጠይቅ። ከዚያ በኋላ በዓመት 85,000 ብቻ የሚሰጠው የኤች-1ቢ የሥራ ቪዛ ዕጣ አለ፤ ከመስከረም 2025 ወዲህም ከውጭ ሀገር ለሚቀጠር አዲስ ባለሙያ ቀጣሪው 100,000 ዶላር እንዲከፍል ታዟል።

ሴቶችን በተመለከተ ሲቲ የተባለው ባንክ በመጋቢት 2021 ጄን ፍሬዘርን ሲሾም እሷ የዎል ስትሪትን ትልቅ ባንክ በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ጎልድማን ሳክስ በበኩሉ 2,800 ገደማ ሴቶችን የሚመለከት የክፍያና የዕድገት አድልዎ ክስ ለመዝጋት በ2023 215 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ክሱ በ2010 የተከፈተ ነበር።

የሚወጡት ወዴት ይሄዳሉ? ብዙዎቹ ወደ ፕራይቬት ኢኩዊቲ፣ ማለትም ኩባንያ ገዝተው አሻሽለው ወደሚሸጡ የገንዘብ ተቋማት ያመራሉ። እነዚህ ተቋማት አናሊስቱን ባንክ በገባ በወራት ውስጥ፣ አንዳንዴም ሳይገባ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚጀምረው ሥራ ይፈራረሙታል። ጄፒ ሞርጋን በሰኔ 2025 በመጀመሪያዎቹ 18 ወራት ሌላ ሥራ የተቀበለ አናሊስት እንደሚሰናበት አስታወቀ። ከሁሉም ግልጽ ማስረጃ ይህ ነው፤ ባንኩ ራሱ ልጁ እንዲቆይለት የሚፈልገው ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ነው። በሌላ በኩል ሳይፈልጉ የሚወጡ አሉ። ጎልድማን ሳክስ ጥር 2023 ወደ 3,200 ሠራተኛ አሰናበተ፤ ከእነዚህም መካከል በ2021 በተጨመረው ደመወዝ የተማረኩ ይኖሩበታል።

የሚዘልቁት ታሪካቸው ይለያያል። ሲድኒ ዋይንበርግ በ1907 ጎልድማን ሳክስ የገባው የጽዳት ሠራተኛ ረዳት ሆኖ ነበር፤ በ1930 የባንኩ መሪ ሆነ። ቴድ ፒክ በ1990 ሞርጋን ስታንሊ አናሊስት ሆኖ ጀምሮ በ2024 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ። ዴቪድ ሰለሞን ግን ኮሌጅ ሲጨርስ ጎልድማን ሳክስ አልቀበልህም ብሎት ሌላ ቦታ ሠርቶ በ1999 በቀጥታ ሸሪክ (ፓርትነር፣ የባንኩ ከፍተኛ ማዕረግ) ሆኖ ገባ፤ ዛሬ መሪው እሱ ነው፣ የ2024 ክፍያውም 39 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ባንኩ ወደ ሸሪክነት ያሳደጋቸው 95 ሰዎች ናቸው። የሚመረጡት በየሁለት ዓመቱ ነው።

ይኸው ሰለሞን ጥር 2025 ላይ የተናገረው የጀማሪዎችን ዕጣ በቀጥታ ይነካል። አንድ ኩባንያ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ የሚያዘጋጀውን ሰነድ ቀድሞ ስድስት ሰዎች ሁለት ሳምንት ይሠሩት እንደነበር፣ አሁን ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት 95 በመቶውን በደቂቃዎች እንደሚጨርሰው፣ ዋጋ ያለው የቀረው 5 በመቶ እንደሆነ ገለጸ። አናሊስቱ ሌሊቱን የሚያነጋው በዚያ 95 በመቶ ላይ ነበር። ሙያውንም የሚማረው እዚያው ነው፤ የመጨረሻውን 5 በመቶ የሚያውቅ ሰው የሚወጣው ቀሪውን በእጁ ከሠራው መካከል ነው። ባንኮቹ የጀማሪዎችን ቁጥር ከቀነሱ ከአሥር ዓመት በኋላ ማን ደንበኛ ፊት እንደሚቆም እስካሁን አሳማኝ መልስ የሰጠ መሪ አልሰማሁም።

ሙያው ወደ ሀገራችንም ገብቷል። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን በ2025 ለሲቢኢ ካፒታልና ለወጋገን ካፒታል የኢንቨስትመንት ባንክ ፈቃድ ሰጥቷል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ጥር 10 ቀን 2025 ሲከፈት ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። አዲስ አበባ ላይ በዚህ ሙያ ለመሠማራት የሚያስብ ወጣት የኒው ዮርክን ደመወዝ መለኪያ ማድረግ የለበትም። መመልከት ያለበት ስንት ሽያጭ እንዳለ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ለሕዝብ ካቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በየዓመቱ ስንት ኩባንያ ሒሳቡን በገለልተኛ አስመርምሮ ለመመዝገብ ይደፍራል? የጡረታና የመድን ገንዘብስ ወደዚህ ገበያ ይመጣል ወይ? የአዲስ አበባው አናሊስት ደመወዝም ሆነ ዕድገት የሚወሰነው በእነዚህ ነው።